የዳቦ ላጲስ

በሰሜን ባሕር ዳር፣ በቦዮች ከተማ፣
የጥንት አካዳሚ፣ ጥቁር ጡብ፣ ባለ ማማ፣
ምድር ቤቱ ወርጄ ሣጥን ስመረምር፣
ሥዕል ነው ያማረኝ፤ ያገኘሁት ቁጥር።

የማገዶ ዋጋ፣ የሻማ፣ የቀለም፣
ራቁቱን ለሚቆም ለኩሊው ለዮኸም፤
ቀን ጆንያ ይሸከማል፣ ማታ ግን ሄርኩለስ፣
ደመወዙ ሦስት ሳንቲም፣ ለአምላክ እንኳ ሲያንስ።

ከዚያ በየሰኞው አንዲት መስመር አለች፣
‹‹ዳቦ፣ ሃያ ሙልሙል›› ተብላ የተጻፈች።
ለቁርስ መስሎኝ ነበር፤ ለቁርስስ አይደለም፣
በዚያ ዘመን ገና ጎማ አልነበረም፤
ከሰሉ ሲሳሳት፣ ትከሻ ሲጣመም፣
በዳቦ ነው እንጂ በሌላ አይታረም።
ቅርፊቱን ገሽልጦ፣ ውስጡን አድቦልቡሎ፣
ጥፋቱን ያብሳል ተማሪው ጎንበስ ብሎ፤
ዳቦው እየጠቆረ ወረቀቱ ይነጣል፣
አንዱ ላጠፋው ጥፋት ሌላው ይቀጣል።

ቅርፊቱ የዘበኛው ነው፤ በደንቡ ተጽፏል፣
አንቀጽ ሰባት ላይ። ዶሮዎቹ ወፍረዋል።

ዳቦ የምታመጣው ጎደሊቭ ነበረች፣
የጋጋሪው ልጅ፣ ዱቄት የለበሰች፤
ቅርጫቷን አውርዳ ትመለስ ከደጅ፣
ሴት ወደዚያ አትገባም፣ ተነግሯል በአዋጅ።
የጀሶዋ ቬነስ ግን መሐል ላይ ቆማለች፣
እርቃኗን፣ ያለ ፈቃድ፤ እሷስ በምን ገባች?
ይህን የጠየቀ መምህር አልተገኘም፣
ስንቱ ሊቅ አለፈ፣ አንዱም ቀና አላለም።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ።

ቦዩ ድንጋይ ሆኖ ጀልባ እንደቆመ ቀረ፣
የጠላት ድንኳን ከቅጥሩ ስር አደረ፤
ስንዴ ስሙ ብቻ በገበያ ዋለ፣
ድመት የነበረው ድመት የለኝም አለ።
ሹሙ ቤት ለቤት ዞሮ እህሉን ቆጠረ፣
የመነኩሴው ጓዳ ሳይቀር ተበረበረ፤
ከአካዳሚው ደርሶ መዝገቡን ገለጠ፣
‹‹የሥዕል ዕቃ›› ከሚል ስር ዳቦው አመለጠ።
ከቀለም፣ ከብሩሽ፣ ከሙጫው ተርታ፣
ማን ይጠረጥራል የሚበላ ገበታ?

ሃያው አሥር ሆነ። አሥሩ አራት ሆነ።
ስለ ዶሮዎቹ የተጻፈ የለም።
አራቷን ለሠላሳ ቆርሰው ሲካፈሉ፣
ስሕተት ይቆየን ብለው ላጲሱን በሉ።

የዚያን ክረምት ሥዕል ፈትቼ ዘረጋሁ፣
ሦስት ትከሻ ያለው ዮኸምን አየሁ፤
ጉልበቱ አምስት ቦታ፣ አገጩ ሁለት ጊዜ፣
አንዱም ያልተፋቀ፣ እንደ ቆየ ትካዜ።
በኅዳሩ ገጽ ላይ ደረቱ ሞልቷል፣
በጥሩ ገጽ ላይ ጎድኑ ይቆጠራል፤
የየካቲቱ ገጽ፦
ባዶ ወንበር።

ወንበሩን የሣለው ስሙን አላኖረም፤
ጥግ ላይ አንድ አውራ ጣት፣ የከሰል አይደለም፣
ዱቄት ይመስለኛል። ላረጋግጥ አልችልም።
በዚያ ብርድ በሩን ማን ከፍቶ ማን ዘጋ፣
ዘበኛው አልጻፈም፤ እኔም አልፈልግ ፍለጋ።

ዛሬ በሩ መስታወት፣ ሴት ወንዱ ይገባል፣
ላጲስ በየኪሱ፣ ዳቦ ካፌ ይበላል።
አስጎብኚዋ እንግዳ ሰብስባ ታሳያለች፣
‹‹የመስመሩን ድፍረት ተመልከቱ›› ትላለች፤
‹‹ዘመኑን የቀደመ፣ ነጻ የወጣ እጅ!››
ድፍረትስ ድፍረት ነው፤ የሆድ ነበር እንጅ።

ምድር ቤት ተመልሼ መዝገቡን ስዘጋ
የመጨረሻው ገጽ፣ ከግርጌው፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
‹‹ለጋጋሪው ልጅ ያልተከፈለ፣
አራት ሙልሙል።››
ማንም አልሰረዘውም።
በምንስ ይሰረዝ?