ለትርንጎ የድጋፍ ደብዳቤ

ፒያሳ ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ከየሺመቤት መጻፊያ፣
ከጠዋት ተቀምጫለሁ፣ አጥቼ ለአንድ ቃል ማረፊያ።
"ትርንጎ ፈንቴ..." ይልና ቆሟል ዓረፍተ ነገሩ፣
እንደ ተረሳ ሱቅ ሆኖ፣ ክፍቱን የዋለ በሩ።

ደብዳቤው ለውጭ አገር ነው፣ ለነጻ ትምህርት ዕድል፣
በእንግሊዝኛ፣ አንድ ገጽ፣ ቃል እንዳይተርፍ እንዳይጎድል።
አስተማሪዋ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በጠመኔ
ስንቱን "ጎበዝ" ብዬ ሸኘሁ፤ ለዚች ግን ጨነቀኝ እኔ።

"ስማርት ናት ልበል?" ብላት
የሺመቤት ስልኳን አነሳች፣
"ባትሪው እንኳ አይቆይ" ብላ
በግንባሩ ደፍታ ተወች።

"ሻርፕ"ስ?
ሻርፕማ አንገቷ ላይ አለ፣
ሰማያዊ፣ ጫፉ የተተለተለ፤
ከቀሃ ማዶ ስትመጣ በብርዱ፣ ገና ማለዳ፣
አፍንጫዋ ድረስ ጠቅልላው የምትገባ እንደ እንግዳ።

"ብራይት" ብል ብራ መጣብኝ፤ የመስከረም ሰማይ፣ ጎንደር፣
ዝናብ አጥቦት የተሰጣ፣ ከጎሃ እስከ አንገረብ ዳር።
ግን ብራ ሰማይ አይጠይቅም።
እሷ ትጠይቃለች።

"ክሌቨር" — መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ ገጹን አይጥ ቀምሶታል፣
ከሦስቱ ፍቺ ሁለቱን በልቶ "ብልጥ" የሚለውን ትቶታል።
ብልጥማ አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል፣
አውራ ጣቱን ከጣሳው ከትቶ በርበሬ ሲሰፍር ይውላል።
ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ — ልጅቷን እዚያ ማን ጣላት?
ብልህን ከብልጥ የሚለየው በአማርኛ አንዲት ፊደል ናት፤
እንግሊዞቹ ያቺን ፊደል የት ይሆን ያስቀመጧት?

"ኪን" ደግሞ አለ፤ እሱን ወደድኩት፣
የጥበብ ዘመድ መስሎኝ፣ የኪነት።
ፍቺው ግን መንታ ነው አሉ፦ ስለትም ነው፣ ጉጉትም፤
ቢላ ይዞ የጓጓን ሰው ማንም ቤቱ አያስገባም።

"ኢንተለጀንት" ስል
በሩ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡት ሰውዬ ቀና ብለው አዩን።
ያንን ቃል ቶሎ አለፍነው።

መብራት ሄደ። ወጣሁ፣ ወደ አባቷ።

አያ ፈንቴ በብስክሌት ጎማ ሞረዱን አዙሮ ይስላል፣
የብረቱ ብናኝ ገብቶት ደግሞ ራሱ ይስላል።
"ልጅህን ስል ናት ብዬ ብጽፍ ለፈረንጆቹ ይበቃል?"
ጎማውን በጫማው አቆመ።
"ስልማ ምላጭም ስል ነው፤ አንድ ሰሞን ቆርጦ ይጣላል።
ሲበዛ የሳሉት ቢላም እጀታው ብቻ ይቀራል።
ይልቅ አንተን ምን ጠየቀችህ?
እኔን ሌሊት አታስተኛኝም።"

ያኔ ትዝ አለኝ።
ዘጠነኛ ክፍል፣ የኋላው ተርታ፣ መስታወቱ የወለቀ መስኮት ሥር።
"ናይፍ" ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እጇን አወጣች፦
"መምህር፣ ፊት የቆመው ኬ ካልተነበበ ለምን ይጻፋል?"
ልማድ ነው አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ተደወለ።
በማግስቱ ከደጅ ጠብቃ፣ ሻርፗን ከአፏ ዝቅ አድርጋ፣
"አስቤበት ነበር" አለች፤
"ሰገባው ይሆናል።"

ሃያ ሁለት ዓመት ያን ቃል መዝዤ በልጆች ፊት ሳወዛውዝ
ሰገባ እንዳለው አላየሁም።

መብራት ሲመጣ ተመለስኩ።
"ቅጽሉስ?" አለች የሺመቤት፣ ጣቷን ቁልፎቹ ላይ ሰቅላ።
"ተዪው" አልኳት።
የሆነውን አጻፍኳት፦ ኬውን፣ የክፍሉን ሳቅ፣ ሰገባውን፣
መልስ እንዳልነበረኝም።
ቆጥራ "አራት መስመር ጨምሯል፣ ሃያ ብር" አለች።

ከፈልኩ።
ፖስታውን በምላሴ ሳርስ፣ ሙጫው እየመረረኝ፣
ከሁሉም የተሻለ አንድ ቃል
ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

ግን ታሽጓል።