ለአምባዛ፣ ስለ ድንብላሉ ጉዳይ

ጢምሽን አይቼ ነው አምባዛ ያልኩሽ፣
ከዓሣ ማውረጃው ደጅ በጃኬት ኪሴ ይዤሽ ስወጣ፤
ሰው ሳቀ። «ድመት በዓሣ ስም?» እኔ ምን ላድርግ፣
ሌላ ስም አልመጣ።

አሁን ወደ ነገሩ።
ሽምብጥ፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ፣ ለአንቺም ለመቻልም በበቃችው ግቢ፣
የዘይት ጀሪካን አጋድሜ ጎኑን ቀደድኩት፣
ከሐይቁ ዳር ባመጣሁት ጥቁር አፈር ሞላሁት፣
ድንብላሉንም፣ ወይዘሮ ሙሉጎጃም «ካልተከፈለ ይሰንፋል» ብላኝ፣
በጠርሙስ ቂጥ ገመስ ገመስ አድርጌ፣
አንድ ሌሊት ውሃ አሳድሬ ዘራሁት።

ጠዋት ብነሣ አንቺ መሐሉ ላይ፣
ጭራሽን ቀስረሽ፣
እንደ ባለርስት ተኮፍሰሽ፣
ጉዳይሽን ጨርሰሽ
አፈር ስትመልሽ።

ዳግም ዘራሁ። የሎሚ ልጣጭ ነሰነስኩ፤ አሸተትሽና ተኛሽበት።
ሦስተኛ ዘራሁ። መቻልን ዘብ አቆምኩ፤ እሱም አብሮሽ ተኛበት።

በአራተኛው ጎረቤቴ ይሁኔ፣ ጀልባውን ሸጦ መረቡ የቀረው፣
«ይሄ ያልያዘው የለም» አለኝ፣ «ቀረሶም ሆነ ነጭ ዓሣ»፤
ከነቅርፊቱ አምጥቶ ጀሪካኑ ላይ ወጠረ።
የዚያን ለታ ማታ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣
የሰፈሩ ድመት ሁሉ መረቡ ላይ አደረ።

ተውኩት እንግዲህ። ክረምት ገባ።
ዝናቡ ከጣና ተነሥቶ ቆርቆሮው ላይ ሲያወራ ሰነበተ።
ነሐሴ አጋማሽ፣ የመቻልን ሳህን ላጥብ ጎንበስ ስል፣
የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን ጎተተ።

ከግንቡ ሥር፣ ከፍሳሹ ስንጥቅ፣
አንቺ እየቧጠጥሽ ከበተንሽው፣
በቀጭን አንገቱ ቆሟል፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ቅጠሉ ጠል ይዞ፣
ማንም ሳያርመው፣ ማንም ሳይኮተኩተው።

ቃሪያው ተዘጋጅቷል። ሙቀጫው ታጥቧል። እጄን ሰነዘርኩ።
መቻል ቀደመኝ፤ መጣ፣ አሸተተ፣
በዝግታ አንድ እግሩን አነሣ።
የዚያን ቀን ምሳዬ
ጨው ብቻ ያየ ዓሣ።

ይኸው ኅዳር ነው። ነጭ አበባው ረገፈ፤
የሐይቁ ነፋስ ፍሬውን አደረቀው።
ንቦቹ እንኳን ሰሞኑን ቀርተዋል።

ዘንድሮ አልከራከርሽም። ፍሬውን ለቅሜ
ጀሪካንሽ ላይ፣ ላይ ላዩን፣ ነስንሼዋለሁ፤
እንደ ልማድሽ ቧጥጪው፣ በትኚው፤
ብቻ አደራሽን፣ ወደ ጓሮው በኩል፣
ከመቻል ራቅ አድርጊው።