ልክ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ መኪና ግርግር ላይ።
ከምድህበት ጊዜ ጀምሮ ያጫወተኝ የመርገጫው ድምፅ ነው፣
የወደቀ ቁልፍ ስለቅም፣ ክር ሳኝክ።
ሌላው ልጅ በጠጠር፣ እኔ ቁጥር በሜትር ተማርኩ፤
ሰው ሁሉ የራሱ ልክ እንዳለው፣
ያንዱ እጅጌ ለሌላው እንደማይሆን
ከዚያች ዱካ ላይ አወቅኩ።

ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ
አሥረኛ ክፍል ላይ ለኢምራን ብዬ ራሴን ያጠበብኩ።
ሳቅሽ ይጮኻል አለኝ፤ ሳቄን ከጎንና ጎኑ ያዝ አደረግኩት።
ትከራከሪያለሽ አለኝ፤ የሒሳቡን መልስ እያወቅኩት ዋጥኩት።
ረውዳ ይረዝማል፣ ሩ ልበልሽ አለኝ፤
ደስ አለኝ፣
ከስሜ የተቆረጠው ቁራጭ የት እንደወደቀ ሳልጠይቅ።

ጀጎል ውስጥ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች፤
ሁለት ሰው ከተላለፈባት ትከሻው ኖራ ይነካል።
እዚያ የኔ ነው። ጣቴን ይይዛል፣
የአባቱን ቁጣ፣ የሌሊት ፍርሃቱን፣ ሁሉን ይነግረኛል፤
ሰማያዊው ግድግዳና እኔ እናዳምጠዋለን።
መንገዷ ፈረስ መጋላ ስትደርስ ግን ትሰፋለች፤
እሷ ስትሰፋ እሱ ይጠብባል።
«ቅደሚ፣ እኔ በሸዋ በር ዞሬ እመጣለሁ፤ ሰው አለ።»
ሰው አለ!
እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ?

ሐሙስ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ሱቃችን መጣ፣
ለእህቱ ሠርግ ሱፍ ሊለካ።
አባቴ አፉ ውስጥ መርፌ እንደያዘ «ጻፊ» አለኝ፤ ደብተሩን ገለጥኩ።
ትከሻ አርባ አራት። ደረት ዘጠና።
አንዱ ልጅ «ታውቃታለህ እንዴ?» ቢለው
«የልብስ ሰፊው ልጅ ናት መሰለኝ» አለ።
መሰለኝ!
ያዝ ያደረግኩት ሳቅ ተተረተረ፣ ከነክሩ ወጣ፤
ጎረቤት ሰፊዎች መርገጫቸውን እስኪያቆሙ ሳቅኩ።
ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ
«ልክሽን እወቂ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን የመለስኩለት ነገር የለም።
ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ስንት ሌሊት ጠበቅኩ፤
በበራ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ የቴሌ ማስታወቂያ ነው።
ሱፉን ግን አላበላሸሁትም።
የሱሪውን ጫፍ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት፣ ቀጥ አድርጌ፤
ስፌት ምን በደለ።

አንድ ማታ፣ አባቴ መግሪብ ሊሰግድ ሲወጣ
ሜትሩን ካንገቱ ተቀበልኩት።
ራስን መለካት ከባድ ነው፤
ጫፉን በጥርስ ይዞ፣ ክንድን ዘርግቶ፣
ትንፋሽ ሳያምቁ፣ ሆድ ሳይደብቁ።
ደብተሩ ላይ፣ ከሱ ስም በታች፣ ሳላሳጥር ጻፍኩ፦
ረውዳ። ትከሻ ሠላሳ ስምንት። ክንድ ሃምሳ ሰባት።
ኅዳጉ ላይ የአባቴን ቃል ጨመርኩ፣
ለሚያድግ ልጅ ሁሌ የሚጽፋትን፦
«ትርፍ ይተውላት።»