የግሬደር ሹፌር ጓሮ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግሬደር ነዳሁ፣
ከጅማ እስከ ቦንጋ፣ ከሊሙ እስከ ጎሬ፤
የመንገዱን ጠርዝ እንደ ጢም ላጨሁ፣
ምላጩ ሲያልፍበት ምን ወደቀ አላልሁ፤
ሁሉም አረም ነበር፣ አልቆጠርኩም እስከ ዛሬ።

ጡረታዬ ወር ሲቀረው፣ ነሐሴ ገብቶ፣
ከቦዬ ማዶ ዳገቱ በጭጋግ ተኝቶ፣
የራሰ አፈር ስገለብጥ ነጭ ነገር አየሁ፤
ሞተሩን አጠፋሁ፣ ከመሰላሉ ወረድሁ።
እንሶስላ ነበር፤
ሥሩ ተሰንጥቆ፣ ምላጬም በሱ ቀልቶ፣
አበባው ግን ገና ጭቃው ላይ አፉን ከፍቶ።
ረዳቴ ሳቀ፦ «ጋሽ ይገዙ፣ ለእጅዎ ነው ለእግርዎ?»
መልስ አልሰጠሁትም። ቆቤን አወለቅሁ፣
ሥሩን ከነጭቃው እንደ እንቁላል ያዝሁ።

አሁን ሄርማታ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ አራት እርምጃ በአሥር፣
በግሬደር የጠረግሁትን በማንኪያ እመልሳለሁ፤
ኮሸሽላ ተክያለሁ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣
እሾሁ ሲወጋኝ፣ የድርሻዬ ነው እላለሁ።
የፈረስ ዘንግ ቆሟል፣ ብርቱካን አበባውን ክብ ክብ ሰክቶ፤
አዞ ሐረግ ተንጠልጥሏል፣ ሰንሰሉ ላይ ወጥቶ።
ኮረሪማው ግን ዓይን አፋር ነው፤
አበባውን ከመሬት አጣብቆ ነው የሚያወጣው፣
ሊያየው የመጣን ሰው ተንበርከክ ይላል፤
ጉልበቴ ቋ ይላል።

ጎረቤቴ ኸይሩ አባ ፎጊ ክፉ ሰው አይደለም፤
ይሄን ጓሮ ካየ ግን ለሱ እንቅልፍ የለም።
«ይገዙ፣ ይሄ እባብ ነው የሚጠራው፤
ጥድ ትከልበት፣ ሳሩን በመቀስ አስተካክለው!»
እባብስ አልመጣም። እስስት መጣች፣
እንቁራሪት መጣች፣ የተሰበረ ባልዲ ውስጥ ተከራየች፤
አንድ ሌሊት ደግሞ ጃርት መጣ፣
ከእንሶስላው ሥር ግማሹን በልቶ
አንድ እሾህ ትቶልኝ ሄደ፣ እንደ ደረሰኝ።

የቀረውን ግማሽ ሂንዲያ ጠየቀችኝ፣
የኸይሩ ልጅ፣ ሰርጓ ሳምንት ሲቀረው፤
«የሱቁ ሂና ቶሎ ይለቃል፣ ጋሼ» አለችኝ።
ሥሩን በሁለት እጄ ይዤ ትንሽ ቆምሁ።
ከዚያ ቢላ አመጣሁ፤
አንዱን ቁራጭ ለአፈር፣ አንዱን ለመዳፏ።
በሰርጉ ቀን ከመኪናው መስኮት እጇን አወጣች፤
ሰው ሁሉ እልል ሲል
እኔ የምላጬን ቀለም አየሁ።

በዓመቱ፣ ክረምት ሲከብድ፣ አምስት አበባ ሰጠ፤
ነጭ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ፣
ከኋላው እንደ ጅራት የቀጠነ ቱቦ ያለው፣
ማሩን ከጫፉ ሸሽጎ ለረጅም ምላስ ያኖረው።
ቀን ንብ መጣች፤ ሞከረች፣ ተናደደች፣ ሄደች።
ማታ ማታ ሽታው ጓሮውን ይሞላል፤ የሚመጣ ግን የለም።
ኸይሩ ለሰርጉ የሰቀለው አምፖል
አጥሩ ላይ እንደ ጸሐይ ይነዳል፣ አላወረደውም፤
የእሳት እራቱ ሁሉ ለሱ እራት ሆነ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ጠፋ።
ሰፈሩ «ኤጭ!» አለ።
እኔ በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ።
ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅሁ፤
መጣች።
አውራ ጣቴን ታክላለች፣ ክንፏ አይታይም፣
ድምፅ ብቻ ናት፣ እንደ ሩቅ ሞተር።
ምላሷን እንደ ክር ተረተረች፤
አንዱን አበባ ጠጣች፣ ሁለተኛውን ጠጣች፣
ወደ ሦስተኛው ስትዞር
የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።
እኔ «ሄደች» አልሁ።

መስከረም ሲገባ ሁለት ፍሬ ያዘ።
አንዱን በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው፣ ጧ!
ዘሩ ተፈናጠረ፣ አጥሩን ዘለለ፣
ኸይሩ በመቀስ ካስተካከለው ሳር መሐል ወደቀ።

አልነገርሁትም።