ክፍተቱን ያብራሩ

ሳልሚያ፣ ሌሊት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል፤
ማሽኑ እየዞረ፣ እኔ ስልኬ ላይ ጎንበስ ስል
ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይለኛል።
ቤተሰቤ ስም የለውም፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚያድር።
እኔ ትርንጎ፣ አባቴ አለልኝ፣ አያቴ ይመር፤
የትኛውን ልስጥ፣ የትኛውን ላስቀር?

ፓስፖርቱ ደግሞ ሌላ ሴት ያውቃል፤ ዘሃራ።
ደላላው ነው ኮምቦልቻ ላይ ያወጣልኝ፣ ቄስም ሼክም ሳይጠራ፤
ዕድሜዬም ላይ ሦስት ዓመት ጣል አደረገ፣
ምርቃት መስሎት።
ዲግሪዬ የትርንጎ፣ መኖሪያ ፈቃዴ የዘሃራ፤
ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚምል ማንን ልጥራ?

ወንድሜ አራጋው ሁለት ቀን በአውቶቡስ ወርዶ
አርባ ምንጭ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተሰለፈ።
«የወጪ መጋራት ዕዳዋ ይከፈል» አሉት፤
የሁለት ወር ደሞዜ በሐዋላ ገብቶ እዚያው ቀለጠ።
ማታ የማኅተሙን ፎቶ ላከልኝ፤
«ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን ክብ ነው» ብሎ።

መምህር ዳንጊሶ በአርባኛው ቀን መለሱ፦
«አስታወስኩሽ። ጫሞ ላይ ጀልባው ሲያዘነብል
ሰው ሁሉ ጠርዙን ሲይዝ
አንቺ መለኪያውን የያዝሽው ነሽ።
እጽፍልሻለሁ። አሁን የት ነሽ?»
«መስክ ላይ ነኝ» አልኳቸው።

ቅጹ ወደ ታች ይወርዳል።
በእኛ ዐሥር ዓ.ም. ተመረቅሁ፣ በእነሱ ዐሥራ ስምንት፤
ገና አንድ መስመር ሳልጽፍ ስምንት ዓመት ጠፋኝ።
ቀጥሎ ይጠይቃል፦ ከምረቃዎ ወዲህ ያለውን ክፍተት ያብራሩ።

ጻፍሁ፦ በውጭ አገር ሠራሁ። ሰረዝሁ።
ጻፍሁ፦ በግል ምክንያት። ሰረዝሁ።
ጻፍሁ፦ ስምንት ሰው፣ አምስት መታጠቢያ ቤት፣
በየቀኑ የሚታጠቡ ሁለት መኪናዎች፣
ጣሪያው ላይ ሁለት ሮቶ።
ይህን አልሰረዝሁም።

ከገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳያዘኝ፣
የተሰበረ የመወልወያ እንጨት ላይ በምስማር ጭረት አበጀሁ።
ጠዋት እነክራለሁ፤ ማታ እነክራለሁ፤
ዳላል በጣለችው የሒሳብ ደብተር ጀርባ እመዘግባለሁ።
አራት ረመዳን። አንድም ክረምት የለም።
ከባሕር በእሳት የተለየ ውሃ
በሰው፣ በቀን፣ ስንት ባልዲ ሆኖ ወደ ፍሳሽ እንደሚመለስ
በዚህ ሠፈር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።
አርባ ምንጭ የተማርሁትን
አንድ ምንጭ በሌለበት አገር ቆጠርሁት።
ክፍተት ያላችሁት ይኸውላችሁ፣ በሴንቲ ሜትር።

«ለማን ነው ሌሊት ሌሊት የምትጽፊው?» አለችኝ ማዳም አንድ ቀን።
«ለእናቴ።»
እናቴ ማንበብ አትችልም።

ማብቂያው በእነሱ እኩለ ሌሊት ነው፤ እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ዋይፋዩ የሚደርሰው በሩ ሥር ብቻ ነው፤ መሬት ተቀምጬ፣
ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣
ከባሕር በታች ወዳለው አገር ላክሁት፤
ትርንጎንም ዘሃራንም፣ በአንድ ፋይል።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ ማሽን ነው የጻፈው።
በእንግሊዝኛው ግልጽ ነበር።
ወደ አማርኛ ስመልሰው ነው ልቤ የተሳሳተው፦
«ማመልከቻዎን ተቀብለናል።»
ተቀብለናል፤ እንዴት አድርጋችሁ?
እንደ ፖስታ ሳጥን ነው፣ ወይስ ደጅ ወጥታችሁ?
ሰሙን አውቄዋለሁ፤
ወርቁ ለሚያዝያ ይደርሳል አሉ።

ማሽኑ ቆመ።
ልብሱን ተሸክሜ ጣሪያ ወጣሁ፤
ባሕሩ አይታይም፣ ሽታው ግን አለ።
ከማስጣቴ በፊት እንጨቱን ነከርሁ፤
ሰማንያ አንድ።
ከትናንቱ በአራት ይበልጣል።
እነዳላል ባሕር ዳር ሻሌያቸው ሄደው የለ።