አንዲት እራፊ

ወንዙ ቆዳ አውጥቷል፤ ጥር ነው፣ ፔንሲልቬንያ፤
ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው መጠለያ፣
ዖርፋ ኩንስማን ቆማለች፣
በአፉ የሚበላ ጠብመንጃ ታጎርሳለች።

ባሩዱን በናስ ጽዋ ሰፍራ፣ አፈሙዙ ላይ ደፍታ፣
አረሩን፣ ሞራ በጠጣ ጨርቅ፣ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልላ፣ አስተኝታ፣
በዘንግ ቁልቁል ትሸኘዋለች።
ዘንጉ ላይ በካራ የተነቀሰች መስመር አለች፤
ከአፈሙዙ ከንፈር ጋር ስትገጥም፣ "ደረሰ" ትላለች።

እኔ ከጎኗ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር፣
ከፊት ለፊታችን ፍጥነት የምትቆጥር
አንዲት ሳጥን ተክዬ።
የሷም እርሳስ ነው፣ ቀድሞ የሚበረው፤
የኔም እርሳስ ነው፣ ኋላ የሚከተለው።

የመጀመሪያው፤ ጉሮሮው ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ያደረ፣
በሰከንድ ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ጫማ በረረ፤
ከነጥቡ ግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ ካርቶኑን በሳ።
"ንጹሕ ነበር እኮ" አልኳት፣ ጽፌ ሳበቃ፤
"ንጹሕማ ነው" አለች፤ "ግን ገና አልነቃ።"

ሁለተኛው ሺህ አምስት መቶ ሰባ፤ ወደ መሐል ቀረበ።
ሦስተኛው፣ ዘጠና አንድ። ዘንጉ ከበደ።
በዚህ በደረቅ ብርድ ጥቀርሻ እንደ ድስት ቂጥ ይጋገራል፣
በጠመዝማዛው ቦይ ገብቶ፣ መተላለፊያውን ያጠባል።
አራተኛው ባሰበት፤ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ሁለት፣
ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ከካርቶኑ ጠርዝ ሊሞት።
እኔ ደስ አለኝ፤ ቁጥር ሲያድግ ደስ ይለኛል።
"የሰከረም ሰው ይሮጣል" አለች።

አምስተኛው አረር መንገድ ላይ ቀረ።
መስመሯ ከከንፈሩ ሁለት ጣት በላይ ቆመች።
ዖርፋ እዚህ ላይ አትቀልድም፤
ከባሩዱ ርቆ የቀረ አረር በርሜል ያፈነዳል፣ እጅ ይወስዳል።
ፊቷን ከአፈሙዙ አርቃ፣
በአጭር በአጭሩ እየገፋች፣
አደረሰችው።

ከዚያ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ፣ ስለ ባሏ አወራችኝ።
"ዊልመር፣ ነፍሱን ይማረው፣
በየተኩሱ የፈላ ውሃ፣ በየተኩሱ ብሩሽ፣ በየተኩሱ ዘይት፤
ሰው ዋንጫውን ይዞ ሲገባ፣ እሱ ባትሪ አብርቶ ያጥባል ሌሊት።
ሠላሳ ዓመት ተኮሰ፤
የተኮሰው ሁሉ ግን የመጀመሪያ ጥይት ነበር።"

ከኪሷ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ልብስ የተቀደደች፣
ሰማያዊ መስመር ያላት እራፊ አወጣች፤
በምላሷ አራሰቻት።
አንድ ጊዜ ቁልቁል፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ፤
ገልብጣ ደገመች፤
በደረቅ አበሰች፤
በቃ።
እንደ ታጠበ አላደረገችው፣ እንደ ቆሸሸም አልተወችው፤
እንደ ቀደመው ብቻ አደረገችው።

አንድ ተኩስ፣ አንዲት እራፊ።
አንድ ተኩስ፣ አንዲት እራፊ።
የኔም ቁጥሮች መጯጯሁን ትተው፣
በአሥራ አንድ ጫማ ስፋት ተጠጋግተው፣
አራቱ ቀዳዳ በጃም ጠርሙስ ክዳን ይሸፈናል።
አምስተኛው ኮበለለ።
"እሱ የበርሜሉ አይደለም" አለች፤ "አስነጠሰኝ።"

ማታ በኩሽናዋ፣ በርሜሉ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ፣
ቤቱ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ፤
ጥቁሩ ውሃ በረዶው ላይ ተደፋ፣ ጉድጓድ አበጀ።
እኔም ያቺን የጠዋቷን፣
አማካዬን ያበላሸችብኝን፣
ልሰርዛት ላጲስ አነሳሁ።
እጇን፣ ገና ሳትታጠብ፣ ገጹ ላይ ጣለች።
"ተዋት" አለች።
"አጋዘን ሁለተኛውን ቆሞ አይጠብቅም።"

አውራ ጣቷ ያረፈው ከቁጥሯ ላይ ነበር፤
ሠላሳዋ እስከ ዛሬ በጭንቅ ትነበባለች።