እንየው

ሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣
ከካርድ ክፍሉ ጀርባ አንድ በር ሲጢጥ ይላል።
«የአእምሮ ክፍል ተራሽ ነው? ታደልሽ፣ ወሩን ተኚ!»
አሉኝ ጓደኞቼ።
ዶክተር ጥላዬም ከቀዶ ጥገና ሲወጣ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
«ከአህያ የዋለች ጊደር...» ብሎ ሳይጨርስ ሳቀ።
ቀሪውን ማን ያጣዋል? ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤
ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ እንዲያው አንጠለጠልሁ።

«እንየው!» ብዬ ጠራሁ።
ስሙን ነው እንጂ፣ ማየቱንስ መች አሰብሁ።
«ከአማኑኤል ነው የመጣሁ» ሲል ከኋላዬ ሳቁ፤
እሱ ከተማዋን ነው ያለ፣ እነሱ ሆስፒታሉን አወቁ።

የወፍጮ ቤት ሰው ነው፤ ዱቄት አለ ቅንድቡ ላይ።
«ሞተሩ ጠፍቶም ይፈጫል፤ ሌሊቱን፤ እዚህ ላይ።
ስሜን እየጠራ።
እስቲ በዚያ በመስሚያሽ ስሚልኝ» አለና
ጆሮ ግንዱን ሰጠኝ።

ለደረት የተሠራ ነው ልለው ነበር።
አላልሁም። አኖርሁት።
ምንም። የራሴ ደም ብቻ ሲሮጥ።
«ሰማሽ?» አለ።
አምስት ዓመት ተኩል ስማር
አንድም መምህር ይህን አልጠየቀኝም ነበር።

ጳጉሜን ላይ ተመለሰ። ጥፍሩን ቆርጧል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል።
«ቆመ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ዱቄቱ ግን ገና ይቦናል።»

ዛሬ የምርጫ ቅጹ ፊቴ ነው፤ ሦስት መስመር።
አንደኛው ላይ «ቀዶ ጥገና» ልጽፍ ነበር፤
«ቀ»ን ጽፌ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ዶክተር ጥላዬ በኮሪደሩ ሲያልፍ አጎንብሶ አየና፣
«ምን ልትሞዪ ነው?» አለኝ።

«እንየው» አልሁት።